ባለጋሪ ጆሮ የለውም

ቁልቁለቱ ሲጀምር ባለጋሪው ከመቀመጫው ዘሎ ወረደና የፈረሱን የዳማን ልጓም ያዘ።

«ቀስ፣ ቀስ በል የኔ ጌታ። የዛሬው ጭነት እህል አይደለም» አለው።

ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ኮቴውን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ እየመረጠ ወረደ። ከጎኑ የተጠመደው የወታደር ፈረስ ግን የሚያሳድደው ያለ ይመስል አንገቱን እየወረወረ ይጎትታል። ጭነቱ ለአንድ ፈረስ የሚሞከር ስላልነበረ የኬላው መቶ አለቃ ነው ያዋሰው። ጋሪው ላይ፣ ገለባ በተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ተደግፎ፣ በጠፍር ተጠፍሮ የተቀመጠው ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን የወረደው ታላቁ ደወል ነው። መምቻው እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። ከኋላ ደዋዩ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ይከተላል። ከእሱ በስተኋላ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ወታደሮች አንዲት ሲጋራ እየተቀባበሉ ይመጣሉ።

«አበልጄ!» አለ ደዋዩ ጮክ ብሎ፤ «ይሄን የመንግሥት ፈረስ ምን አስቸኮለው? ከመድፉ ቀድሞ ሊተኮስ ነው እንዴ?»

«ኧረ ዝም በል፤ ይሰሙሃል።»

«ይስሙኛ! ዕድሜ ልኬን ከተማውን ሳደነቁር ኖሬ አሁን በሽምግልናዬ ሹክሹክታ ልማር?»

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉን በእጁ ሸፈነ። ባለጋሪው ግን አልሳቀም። ልቡ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ድልድዩ ላይ ነበር።

ድልድዩ ላይ ኬላ አለ። የኬላው ግድግዳ ላይ አዋጁ ተለጥፏል፤ ማንበብ የማይችሉት ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። ጦርነቱ መድፍ ይፈልጋል፤ መድፉ ነሐስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከበር እጀታ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደወል ያለው ነሐስ ሁሉ የመንግሥት ነው። የደበቀ ሰው ወደ ድንጋይ መፍለጫው ይላካል። ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው በከተማው እስካሁን አልታየም። ቄሱ አዋጁን በሰሙ ዕለት የደወሉን ማማ ቁልፍ በገዛ እጃቸው አስረክበዋል። «እግዚአብሔር በነሐስ ውስጥ አይኖርም» ነው ያሉት። ደዋዩ ይህን ሲነግሩት፣ «ልክ ናቸው። ግን እሱ ውስጡ ስለማይኖርበት ብቻ የሰው ዕቃ ይሰጣል?» አለ ተብሎ በገበያው ተወራ።

ባለጋሪውና ደዋዩ አበልጆች ናቸው። የባለጋሪውን አንዲት ልጅ ክርስትና ያነሳት ደዋዩ ነው። ልጅቷ ዛሬ አግብታ፣ አርግዛ፣ ቀኗን እየጠበቀች ነው። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ አይገናኙም። ደዋዩ ቀልደኛ ነው፤ ለቀልዱ ማጣፈጫ ትንሽ ውሸት ጣል ያደርጋል፤ ከዚያ ንስሐ ይገባል፤ በንስሐውም ሰው ያስቃል። ባለጋሪው ቃሉ ቁጥብ ነው። አባቱ «የሚምል ሰው ከመማሉ በፊት ዋሽቷል» እያለ ነው ያሳደገው፤ እሱም እስከ ዛሬ ምሎ አያውቅም። ገበያተኛ በጭነት ሲጣላ «ሚዛን ይጠየቅ» ይላል። ሚዛን እሱ ነው፤ ያወጡለት ስም ነው። ሚዛን አለ ከተባለ ክርክር የለም። ከሚስቱና ከፈረሱ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወደው ነገር ቢኖር ይህ ስም ነበር። ሚስቱ ግን፣ «ከስሙ መቅደሜን እንኳ እጠራጠራለሁ» ትላለች።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረው። ታላቁ ደወል የሚደወለው በዓመት በዓል ነው። ክርስትናውን፣ ቀብሩንና የማታውን ጸሎት የምትጠራው ታናሿ ደወል ነበረች፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር የሚል። ባለጋሪው የማታውን ደወል ሲሰማ የትም ይሁን የት ጋሪውን ያቆምና ባርኔጣውን አውልቆ ይጸልያል። በዓመታት ብዛት ዳማም ለመደው። ያቺን ድምፅ ከሰማ በጅራፍ ቢገረፍ ንቅንቅ አይልም። «ከባለቤቱ ይልቅ ፈረሱ ይጸድቃል» እያሉ ይስቁ ነበር።

አዋጁ በተለጠፈ ማግስት፣ በማለዳ፣ ደዋዩ ወደ ጋሪ ቤቱ መጥቶ ነበር። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«አንድ በርሜል አለኝ። ወንዝ ማዶ ባዶው የጡብ ምድጃ ድረስ አድርስልኝ። እኔ ቀድሜህ እዚያ እጠብቅሃለሁ።»

«አብረን አንሄድም?»

«አንሄድም። ምን እንዳለበትም አትጠይቀኝ። ሰው ቢጠይቅህ አላውቅም በል፤ አላውቅም ስትልም እውነትህን ይሁን።»

«እኔ ምን አገባኝ» አለ ባለጋሪው። «ባለጋሪ ጆሮ የለውም።»

በሙያው የሚባል ነው። በሰው ጭነት ላይ ጆሮውን የሚጥል ባለጋሪ ሥራ አያገኝም።

በርሜሉ ከባድ ነበር። ክዳኑ በሚስማር ተመቷል፤ በየስንጥቁ ገለባና ፉርሽካ ይረግፋል። ኬላው ገና ፍተሻ ስላልጀመረ ወንዙን በሰላም ተሻግሮ ጠማማው መንገድ ላይ ሲደርስ የግራ ጎማው ጉድጓድ ገባና በርሜሉ ዘለለ። ከገለባው ጥልቅ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ። ድምፅ ለማለትም ያስቸግራል፤ ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ የሚያለቅስ ሰው እንደሚያሰማው ዓይነት ነው። ባለጋሪው «ጎማው ይሆናል» ሊል ነበር። ዳማ ግን ቆመ። ጆሮውን አቁሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ የማታው ደወል እንደተደወለ ሁሉ ቆመ። ገና ፀሐይ አልሞቀችም።

የባለጋሪው እጅ ወደ ባርኔጣው ሄዶ መሃል ላይ ቀረ። አካባቢውን ገላመጠ፤ ማንም የለም። ዳማን አባብሎ፣ ለምኖ፣ በመጨረሻም ወርዶ ጎትቶ አስነሳው። ምድጃው ጋ ሲደርስ በርሜሉን ከደዋዩ ጋር አውርደው ወደ ውስጥ አንከባለሉት፤ ጡብ ደረደሩበት። ደዋዩ ጥላሸት የለበሰ ፊቱን እየጠረገ ጠየቀው፦

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ምንም አላጋጠመህም?»

«ምን ያጋጥመኛል።»

ደዋዩ በረጅሙ ተነፈሰና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ባለጋሪው የመለሰውን መልስ እንደ ውሸት አልቆጠረውም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ጨርሶ አላሰበውም፤ እስከዚች ቁልቁለት ድረስ።

ኬላው ደጅ ላይ መቶ አለቃው ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም መጽሐፍ ገብቶለታል፤ የብር ልባዱ የተገፈፈ ወንጌል ነው። ከጎኑ የቆመው ሃምሳ አለቃ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ጦር ሠራዊት ሳይገባ ሥጋ ቤት ነበረው፤ ሁሉንም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቀዋል።

«ዜጋ ደዋይ» አለ መቶ አለቃው። በአዲሱ ሥርዓት አባ፣ ጌታዬ፣ እመቤቴ ማለት ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ ዜጋ ነው። «ዛሬ ጠዋት ማማው ላይ ወጥቼ ነበር። አግዳሚው እንጨት ላይ ገመድ የበላው ቦታ ሁለት ነው። የወረደው ደወል አንድ ነው።»

«ሁለት እጅ ስላለኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ዜጋ።»

«ሁለት እጅ ስላለኝ ነው፣ ዜጋ ጌታዬ።»

ሃምሳ አለቃው ፈገግ አለ። መቶ አለቃው ፊቱ አልተለወጠም።

«ታናሽ ደወል ነበረች ይላሉ።»

«ነበረች። ተሰነጠቀችና ወረደች። ድሮ ነው፤ እርስዎ ጡት ሳይጥሉ።»

«ኧረ ተው፣ አያ ደዋይ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። «ባለፈው ወር እናቴን ስንቀብር የጮኸችው ማን ነበረች?»

ደዋዩ አንገቱን ደፋ። «እሷን እንኳ አልክድብህም። እናትህ ደግ ሴት ነበሩ።»

ሃምሳ አለቃው ነገሩ እንዲያልቅ ፈልጎ ይሁን ወይ ሌላ ነገር አስቦ፣ እጁን ወደ ባለጋሪው ዘረጋ። «ሚዛንን ይጠይቁት። እሱ አይዋሽም። አላውቅም ካለ የሚያውቅ የለም ማለት ነው።»

መቶ አለቃው ባለጋሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን ከጠረጴዛው እግር ሥር መዘዘ። ጠረጴዛው ዘመም አለ፤ የቀለሙን ጠርሙስ ሃምሳ አለቃው ለጥቂት ያዘው።

«በዚህ ማልልኝ።»

«እኔ አልምልም።»

«ለምን?»

«አባቴ አላስተማረኝም።»

መቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። መጽሐፉን ወደ ሥሩ አልመለሰውም፤ ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጠው።

«እኔ በዚህ መጽሐፍ አላምንም» አለ። «የሚያምኑበት ሰዎች ግን አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ እስካሁን አንድም አላገኘሁም። ቄሳችሁ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ደዋያችሁ ይዋሸኛል። አንተ ሳትምል ንገረኝ። አላውቅም ካልክ፣ አላውቅም አለ ብዬ እተወዋለሁ፤ ድልድዩን ትሻገራላችሁ፤ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ታናሿ ደወል የት ናት?»

ባለጋሪው ወደ ደዋዩ ዞረ። ደዋዩ ወንዙን እያየ ነበር። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፤ ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንደወጣ ሰው ተረጋግቷል።

«አላውቅም» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ክዳን አልከፈተም፤ በዓይኑ አላየም። ግን ያን ማለዳ ዳማ ቆሟል። ፈረስ ያወቀውን አላውቅም ሊል ነው? በዚያ ላይ ይህ የማያምን ሰው፣ መጽሐፉን ከጠረጴዛ እግር ሥር አውጥቶ፣ የሚያምን ሰው አሳየኝ ብሎታል። ቢዋሸው በገዛ እጁ መልሶ እዚያው ከእግሩ ሥር የሚያስገባው መሰለው። ስሙም ትዝ አለው፤ ሚዛን። ያንን ሁሉ ያሰበው በአንድ ትንፋሽ ነው።

«በዓይኔ አላየሁም» አለ።

«ሰው የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው?»

«አንድ በርሜል አድርሻለሁ። ወንዝ ማዶ፣ ጡብ ምድጃው ውስጥ።»

ደዋዩ ከወንዙ ላይ ዓይኑን አነሳ። አልተቆጣም፤ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንዷን ደረጃ እንደሳተ ሰው፣ ሰውነቱ ብቻ ዝቅ አለ።

ሃምሳ አለቃው «አይ ሚዛን» አለ።

ወታደሮቹ ሄደው በርሜሉን ይዘው እስኪመለሱ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ክዳኑን ነቅለው ክንዳቸውን ገለባው ውስጥ ሰደዱና አረጋገጡ። በርሜሉን ከታላቁ ደወል ጎን ጫኑት። ደዋዩን እጆቹን በገመድ አስረው ከበርሜሉ አጠገብ አስቀመጡት። ባለጋሪው «ሌላ ነጂ ፈልጉ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ዳማ በሌላ እጅ አይነዳም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

መቶ አለቃው ሊሸኘው ብድግ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰው ጋሪ ሳይፈተሽ ይለፍ» ብሎ ለሃምሳ አለቃው ነገረው። ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞሮ፣ «መንግሥት እንዳንተ ያለ ሰው ያስፈልገዋል፣ ዜጋ» አለ። ከልቡ ነበር። መጽሐፉን ግን፣ ቀለሙ እንዳይደፋ፣ መልሶ ከእግሩ ሥር አስገባው።

ከድልድዩ እስከ ነሐስ ማቅለጫው ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ወታደሮቹ ሥራቸው ያለቀ መስሏቸው ወደ ኋላ ቀረት ብለዋል። ባለጋሪው ወደ ኋላ ሳይዞር፦

«አበልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ምኑ ትለኛለህ? መዋሸት አቃተኝ።»

«መች ዋሽልኝ አልኩህ?» አለ ደዋዩ። «እንዳትዋሽ ብዬ አይደል እንዴ ያንን ሁሉ ገለባ የጠቀጠቅኩት!»

«ከወታደር ለመደበቅ መስሎኝ።»

«ወታደር ክዳን ከከፈተ ገለባ ምን ይፈይዳል? አየሃቸው አይደል፣ ክንዳቸውን ሰደዱ፣ በቃ። ገለባው ላንተ ነው። አንተ ከሰማህ እንደማትችል አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን አብረን ኖርን። በርሜሉን ግቢዬ ውስጥ እያንከባለልኩ፣ ጆሮዬን እየለጠፍኩ፣ እያወጣሁ እንደገና እየሞላሁ አደርኩ። ሚስቴ አበደ ብላኛለች። በመጨረሻ፣ አሁን አይሰማም አልኩ።»

«ዳማ ቆመ።»

«ምን?»

«ጎማው ጉድጓድ ገባና... እኔስ አልለየሁትም ነበር። ዳማ ቆመ።»

ደዋዩ የፈረሱን ጀርባ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ከአፍንጫው አጭር ሳቅ አመለጠው። «ለሰው ስጠነቀቅ ለፈረሱ አላሰብኩም። እውነትም ይጸድቃል ይሄ።»

ጥቂት መንገድ ሄዱ። ጎማው ይንቋቋል።

«ያን ዕለት ነው የሰማኸው?» አለ ደዋዩ።

«ያን ዕለት።»

«ጠይቄህ ነበር እኮ። መንገዱ እንዴት ነበር አልኩህ።»

«ደህና ነበር አልኩህ።»

«ሰምቻለሁ ብትለኝ ኖሮ፣ በዚያው ዕለት ብቻዬን ሌላ ቦታ እወስዳት ነበር። ዛሬም የት እንዳለች አላውቅም ስትል እውነትህን ይሆን ነበር።»

የወቀሳ ድምፅ አልነበረም። ገመዱ የቱ ጋ እንደተፈታ ቋጠሮ በቋጠሮ እንደሚመረምር የሙያ ሰው ነው የተናገረው። ባለጋሪው ያን ማለዳ ዝም ያለው ለምን ነበር? ማንንም ለመጠበቅ አልነበረም። ጣጣ ውስጥ ላለመግባት ነው። ማወቁን ሰው ካላወቀ፣ እሱም ያላወቀ መስሎት ነው። ባለጋሪ ጆሮ የለውም። ለወዳጁ በአንዲት ቃል ሊሰጠው ይችል የነበረውን እውነት ነፍጎ፣ አቆይቶ አቆይቶ፣ ለማያውቀው ሰው በክብር አስረከበ። በዚያ ድልድይ ላይ እግዚአብሔርን ያከበረ መስሎት ነበር።

«ለማን ብለህ ነው የደበቅካት?» አለ በመጨረሻ። «ቄሱ እንኳ ትተውታል።»

«ለማን ይሆናል? ልጃችን ልትወልድ አይደል። ያነሳኋት እኔ፣ ያቺ እየጮኸች ነው። የልጅ ልጃችን እንደ ዶሮ ጫጩት በዝምታ ይጠመቅ?» ደዋዩ የታሰሩ እጆቹን አነሳና በክንዱ ፊቱን ጠረገ። «ግን እንዳታዘገዩት። ጥምቀቱ ያለ ደወልም ጥምቀት ነው፤ ቄሱ አንዳንዴ ልክ ናቸው። ከጠፋም ድስት ምቱ። የነሐስ እንዳይሆን ብቻ።»

ባለጋሪው ሊስቅ ሞከረ፤ የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

ማቅለጫው ግቢ ሲደርሱ ሰማዩ ከጭስ ማውጫው ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይዟል። ግቢው መሃል መቅረዙ፣ የበሩ እጀታ፣ ሙቀጫው፣ ጽናው ሁሉ ተዘርግፎ ኮረብታ ሠርቷል። የታላቁን ደወል ጠፍር ፈትተው በማንሻ ሰንሰለት አንጠለጠሉት፤ እየተሽከረከረ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። አንድ ዘበኛ ደዋዩን በክንዱ ይዞ ከጋሪው አወረደውና በግቢው ጫፍ ወዳለችው ጠባብ የብረት በር ወሰደው። ደዋዩ ሲያልፍ በታሰሩ እጆቹ የዳማን አንገት ነካ አደረገው። ለባለጋሪው ራሱን ነቀነቀለት፤ አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆየ። ባለጋሪው ጎንበስ ብሎ የልጓሙን ቋጠሮ ማጥበቅ ያዘ። ዘበኛው ገፋው፤ ሄደ።

«አንተ ባለጋሪ! ንዳ፣ መንገድ ልቀቅ!» ሲል አንዱ ጮኸ። ከኋላው ሌላ ጋሪ ቆሟል።

ባለጋሪው ተቀምጦ ልጓሙን አነሳ። ጋሪው ቀሎት ነበር፤ እንዲህ መቅለሉ አስፈራው። ወደ ዋናው በር ሲያመራ፣ ከኋላው በርሜሉን በመጥረቢያ ሲፈልጡት ሰማ። ገለባው ተዘረገፈ። ሁለት ሠራተኞች ታናሿን ደወል በእጅና በእግር እንደሚይዙት ሕፃን አንጠልጥለው አወዛወዟትና ክምሩ ላይ ወረወሯት።

ጮኸች። ገለባ አልነበረም፤ ጨርቅ አልነበረም። በሙሉ ድምፅዋ፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ሻከር ብሎ፣ ግቢውን ሞላችው።

ዳማ ቆመ።

የወታደሩ ፈረስ መጎተቱን ቀጠለ። ጋሪው ተጣሞ በሩ መሃል ተጋደመ። የኋላው ባለጋሪ ተሳደበ። ዘበኛ ሮጦ መጥቶ ዳማን በጅራፍ መታው፤ ደግሞ መታው። ዳማ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ቆዳው ብቻ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል።

ባለጋሪው ባርኔጣውን አወለቀ። የዘወትር ጸሎቱን ሊጀምር ከንፈሩን ከፈተ፤ የመጀመሪያዋ ቃል ጠፋችበት። ወደ ጠባቧ በር ዞረ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

የብረቱ በር ግን ተዘግቶ ነበር።